ከአዳራሹ ጣሪያ የወረደው በረዶ

መርማሪዋ ኡርቬ ሚልያን ስትደርስ ፖሊሶች ሬሳውን ከበረዶው አውጥተው በብርድ ልብስ ሸፍነውት ነበር። ሟቹ ሄይኖ ቱልቪ ነው፤ የትናንሽ ክለቦችን የክረምት ውድድር በየዓመቱ የሚያዘጋጀው፣ ራሱም የሚዳኘው ሰው። በአየር የተነፋው የእግር ኳስ አዳራሽ ከአጠገቡ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ቆሟል። ከጣሪያው የተንሸራተተው በረዶ ግድግዳውን ተከትሎ ከሰው ወገብ በላይ ተከምሯል። ከምሳ በኋላ ሲጋራ ሊያጨስ በነጠላ ጫማ በጎን በር ብቅ ያለ ተጫዋች ነው ከክምሩ ውስጥ እጅ ብቅ ብሎ ያየው።

ኡርቬ ጉልበቷን ደግፋ አጎነበሰች። የካቲት በመጣ ቁጥር ይህ ጉልበት ከእሷ ቀድሞ ጡረታ መውጣት ያምረዋል። የሄይኖ ጭንቅላት ከኋላ በኩል ተፈንክቷል። ብርድ ልብሱን መልሳ አለበሰችውና ቀና ስትል ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበር።

«አደጋ ነው፣ ኡርቬ። በረዶ ወረደበት፣ ሞተ። የአዳራሹ ሠራተኛ የመከለያ ገመድ መዘርጋት ረስቻለሁ ብሎ አምኗል። ለቸልተኝነቱ ይጠየቅ። ቶሎ ጨርሺውና ሄደሽ ተኚ።»

«እንቅልፉን እንኳ አልጠላውም» አለችና ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከተተች። በቪልያንዲ ከተማ ክረምት ሰው የሚጓጓለት ነገር ቢኖር እንቅልፍ ብቻ ነው። ግን ሰው ጥፋቱን በዚህ ፍጥነት ሲያምን ነገሩ ያሳክካታል።

የአዳራሹን ሠራተኛ ኤንዴል ሩስን ያገኘችው ሞተሩ ክፍል ውስጥ ነው። አዳራሹ እንዳይተኛ ቀን ከሌት አየር የሚነፋው ሞተር ጆሮ ያደነቁራል። ሰውየው እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ቀብሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«በረዶው እንዲወርድ ሙቀቱን ጨመርኩት» አለ። «ያኔ ሰው በዚያ እንዳያልፍ ገመድ እዘረጋለሁ። የዘረጋሁ ይመስለኛል። ግን ሄጄ ሳይ ገመዱ የለም። ረስቼዋለሁ ማለት ነው።»

«ይመስልዎታል ወይስ ያስታውሳሉ?»

«በየክረምቱ የማደርገውን ነገር እንዴት ብዬ ላስታውሰው፣ እመቤቴ? ቀኑ ሁሉ አንድ ነው።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ሄይኖ ጓደኛዬ ነበር። መታሰሩንስ እታሰራለሁ። ሚስቱ ግን ከእንግዲህ ዓይኔን አታይም። እኔ የምሞተው በዚህ ነው።»

«በረዶው ሲወርድ ሰምተዋል?»

«እዚህ ውስጥ ምን ይሰማል? እርስዎንም የማዳምጥዎት ከንፈርዎን እያየሁ ነው።»

ኡርቬ ትከሻውን ነካ አድርጋ ወጣች። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችለት።

ማሬት ሁለተኛዋ ዳኛ ናት። በዳኞች ክፍል ውስጥ የፊሽካዋን ክር ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ተቀምጣለች። ክፍሉ ከጎን በሩ አጠገብ ነው። ጥግ ላይ ጎሉ እንዳይንቀሳቀስ የሚጫኑበት የብረት ክብደት ተደርድሯል።

«ጠዋት ከሄይኖ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ማነው ያለው?»

«ያላለ የለም።»

«ተጣልተናል። የሰጠሁትን ካርድ ሰው ፊት ሻረብኝ፤ ሰደብኩት። ግን በካርድ ሰው የሚገደል ቢሆን አንድም ዳኛ አይተርፍም ነበር።» ለአፍታ ፈገግ ልትል ፈልጋ ተወችው። «በምሳ ሰዓት እዚያ ማዶ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የአተር ሾርባ ስጨልፍ ነበር። የበላ ሁሉ ይመስክር። ሄይኖ ብቻ ቀረ። ከአሰልጣኝ ኡርማስ ጋር ስለ በረኛው የምንነጋገረው አለን አለኝ።»

«ምን ብሎ?»

«አልነገረኝም። ፊቱ ግን ጥሩ አልነበረም።»

«በረዶው ሲወርድ የት ነበርሽ?»

«ሜዳ ላይ፤ የመጀመሪያው ጨዋታ ነበር። ጣሪያው ሲያጉረመርም ተጫዋቾቹ ሁሉ ቆሙ። ሄይኖ ፊሽካውን ነፋና ‹ሰማይም በዳኛ ላይ ተነሣ› ብሎ አሳቀን።»

«ከዚያ በኋላስ ወርዷል?»

«የለም። ቢወርድማ እንሰማው ነበር። ትምህርት ቤቱ ድረስ ነው የሚሰማው።»

ኡርቬ ጎን በሩ ላይ ያሉትን ሁለት ፖሊሶች ጠርታ ክምሩን ከሥሩ እንዲቆፍሩ አዘዘች።

«ምን እንፈልግ?»

«ገመድ።»

አሰልጣኝ ኡርማስ ቶምፕ ኩርቬሬ ከምትባል መንደር የመጣ ክለብ ይዟል። ተጫዋቾቹ እንደ ሌሎቹ እንግዶች ሁሉ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ወለል ላይ ነው የሚያድሩት። ኡርቬን ሲያይ ከፍራሹ ተነሥቶ ወንበር ሰጣት፤ ሻይም ቀዳላት። የዋህ ፊት አለው፤ እንቅልፍ ያጣ ፊት።

«ሄይኖን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ምሳ ልንገባ ስንል። ‹በረዶውን አይቼ ልምጣ› ብሎ በጎን በር ወጣ። ምነው በከለከልኩት።»

«እርስዎስ ወጥተው ነበር?»

«እኔ? ከትናንት ማታ ጀምሮ አፍንጫዬንም ከደጅ አላወጣሁም። ከዚህ ወደ አዳራሹ የምንመላለሰው በተሸፈነው መተላለፊያ ነው፤ በነጠላ ጫማ።»

«በረኛችሁ ጎበዝ ነው አሉኝ።»

ኡርማስ ስኳር ያልጨመረበትን ሻይ በማንኪያ አማሰለ። «የገጠር ልጅ ነው። ይሞክራል።»

የገጠሩን ልጅ መታጠቢያ ቤት አገኘችው። ገና አንድ ጥያቄ ሳትጨርስ ተናዘዘ። ከትልቅ ክለብ የታገደ በረኛ ነው፤ የሚጫወተው በወንድሙ ስም ነው።

ኡርቬ በትምህርት ቤቱ መግቢያ ኮሪደር አለፈች። እዚህ አገር ማንም ቢሆን ከደጅ ባደረገው ጫማ ቤት አይገባም። የእንግዶቹ ቦት ጫማዎች ከትናንት ጀምሮ መደርደሪያው ላይ ተሰልፈዋል። በጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ተነፈሰችና ሁሉንም አስጠራች።

ሲሰበሰቡ ቀኑ መጨለም ጀምሯል። ኤንዴል ከግድግዳው ተለጥፎ ቆመ፤ የሚያየው ወለሉን ነው።

«ጫማችሁን አድርጉ» አለች ኡርቬ። «ደጅ የማሳያችሁ ነገር አለ።»

ሁሉም እግሩን ቦቱ ውስጥ ከተተ። ኡርማስ ብቻ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከአንዱ ቦት የተጨማደደ ጋዜጣ አወጣ፣ ሌላም አወጣ። ወደ ሁለተኛው ቦት ሲዞር የሌሎቹ እንቅስቃሴ መቆሙን ሰማና እጁ ደረቀ።

«ተዉት፤ አንወጣም» አለች ኡርቬ። ጋዜጣውን ተቀብላ ዘረጋችው። እርጥብ ነው። «የዛሬ ጋዜጣ ነው።»

«የሄይኖ ነው» አለች ማሬት ቀስ ብላ። «ጠዋት የዳኞች ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነበር።»

ኡርቬ ግድግዳውን ተደገፈች፤ ጉልበቷ ሳትደገፍ እንድትናገር አልፈቀደላትም።

«በረዶው ዛሬ የወረደው አንድ ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያው ጨዋታ። ያን ጊዜ ሄይኖ ሜዳ ላይ ቆሞ ይቀልድ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰማ የለም። ታዲያ ቀድሞ መሬት የወረደ በረዶ ሰው አናት ላይ እንዴት ይወርዳል? ሄይኖን የመታው በረዶ አይደለም። ሰው ነው በበረዶ የሸፈነው።»

ኡርቬ በጣቷ የጫማውን መደርደሪያ አሳየች።

«በረዶ ሲዝቅ የቆየ ሰው ቦቱ ይርሳል። የእንግዶቹ ሁሉ ቦት ደርቋል፤ ከአንዱ በቀር። አቶ ኡርማስ፣ ከትናንት አልወጣሁም አሉኝ። ጭንቅ ላይ ሆነውም ግን እጅዎ እናትዎ ያስተማሩትን አደረገ፤ እርጥበቱን እንዲመጥ ቦቱ ውስጥ ጋዜጣ ጠቀጠቀ። ጋዜጣውንም ያነሡት ከጎን በሩ አጠገብ ካለው ከዳኞች ክፍል ነው፤ ሄይኖም የወደቀው እዚያው ነው።»

«የኤንዴልም ቦት እኮ እርጥብ ነው» አለ ኡርማስ። ድምፁ ቀጥኗል።

«የሱማ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ሥራው ነው። ግን ገዳይ ቢሆን በረዶው ጠዋት ወረደ፣ እኔ የለሁበትም ብሎ ይከራከር ነበር እንጂ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ አንገቱን ባልሰጠ።» ወደ ኤንዴል ዞረች። ከንፈሯን እንዲያይ ቀስ ብላ ተናገረች። «ገመዱን ቆፍረን አግኝተነዋል። ከክምሩ ሥር ነው፤ በሁለቱም በኩል መሬት ከተተከሉት እንጨቶች ጋር ታስሯል። ጠዋት ሲወርድ በረዶው ራሱ ነው የቀበረው። ዘርግተውት ነበር፣ ኤንዴል። አልረሱም።»

ኤንዴል ቃሉን ደጋግሞ በከንፈሩ ሞከረው።

«ልገድለው አልነበረም» አለ ኡርማስ። አሁንም በካልሲ ብቻ ነው። «ሄይኖ በረኛው ማን እንደሆነ ለየው። ክለባችሁን አስወጣለሁ፣ ከእንግዲህም አትመጡም አለኝ። ለመንኩት። ገፋ ሳደርገው ጥጉ ላይ ያለው ብረት ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ቦቴን አምጥቼ በጎን በር አወጣሁትና ቀበርኩት። ኩርቬሬ ውስጥ የቀረነው አንድ ቡድን የምንሞላ ሰዎች ነን። ኳሱ ከቀረ የምንገናኘው ቀብር ላይ ብቻ ነው።»

«ሽልማቱ እኮ ዘቢብ ያለው ዳቦ ነው» አለች ማሬት፤ ለማን እንደተናገረችው አይታወቅም። ኡርቬ ይህን አገር ከነድካሙ ትወደዋለች፤ በዚህ ሰዓት ግን አዘነችበት።

ፖሊሶቹ ኡርማስን ሲያስነሡት ኤንዴል ከግድግዳው ተላቆ ፊቱ ቆመ። አልጮኸም።

«ከሰዓት ሳለቅስ አጠገቤ መጥተህ ተቀመጥክ» አለው። «‹ሚስቱ ከሌላ ሰው ከምትሰማው አንተው ደውለህ ንገራት› አልከኝ። እውነቱን ነው ብዬ ደወልኩላት። ባልሽን ገደልኩት አልኳት።»

ኡርማስ ፊቱን አዞረ። ወሰዱት።

ኡርቬ ስልኳን አወጣች። «ቁጥሯን ይስጡኝ። እኔ እነግራታለሁ፤ ሥራዬ ነው።»

«አይ» አለ ኤንዴል፤ «እኔው ልንገራት።» በደነደኑ ጣቶቹ ቁጥሮቹን ፈልጎ ነካ። የሚሰማበትን ጆሮ መርጦ ስልኩን አጥብቆ ለጠፈው። ብዙ ጠራ። መጨረሻ ላይ ስልኩ ተነሣ።

«እኔ ነኝ፣ ኤንዴል» አለ። «እባክሽ አትዝጊብኝ።»