በላይ በላዩ የተነጠፈ ወለል

አርክቴክቱ ንጣፍ ሠራተኛውን የሰደበው የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ረቡዕ፣ ከምሳ ሰዓት ጥቂት እልፍ ብሎ ነው። ቦታው የገበያ ማዕከሉ ሦስተኛ ፎቅ ነበር። የሰሙት ደግሞ አራት ሲሚንቶ ተሸካሚዎች፣ አንዲት ጫማ ሻጭና ምሳ ይዛለት የመጣች ታናሽ እህቱ ናቸው። «አንተ ንጣፍህን አንጥፍ፤ ለማሰብ የሚከፈለኝ እኔ ነኝ» አለው። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። አንደኛውማ ሳል እስኪይዘው ሳቀ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያ አርክቴክት ዛሬ ጠዋት፣ ሱቆቹ ገና ሳይከፈቱ፣ ምድር ቤቱ ፏፏቴ አጠገብ በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። የወደቀው ከሦስተኛው ፎቅ ነው። ሰው ሁሉ በመለኪያ መሣሪያው ስም ውሃ ልክ እያለ የሚጠራው ያ የተሰደበ ንጣፍ ሠራተኛ ደግሞ እዚያው ፎቅ ላይ ዓምድ ተደግፎ መርማሪዋ ደረጃውን ስትወጣ ያያል።

መርማሪዋ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ስትደርስ ተደናቀፈች። በእጇ ወለሉን ይዛ ተረፈች፣ ዞር ብላም ደረጃውን አየችው። ውሃ ልክ ዓይኑን ከደረጃው ወደ ወለሉ መለሰ።

ሥራ አስኪያጁ ጊዜ አላጠፋም። «ልብስ ሰፊዋ ናት። አርክቴክቱ የመጣው ባለቤቶቹ ሕንፃውን እንደገና እንዲነድፍላቸው ከስንት ዘመን በኋላ አስጠርተውት ነው። የሷ ሱቅ ይፈርሳል። ‹ከዚህ የምወጣው አንተ ቀድመኸኝ ስትወጣ ነው› ስትለው ጥበቃውም እኔም ከታች ሰምተናል። የፖሊስ መኪናው በር ላይ ነው፤ ይውሰዷት።»

ልብስ ሰፊዋ ያቺው ምሳ አመላላሽ እህት ናት። ውሃ ልክ አንድ ቃል ቢተነፍስ ነፃ እንደምትወጣ ያውቃል። እሱ ግን ከዓምዱ አልተላቀቀም።

መርማሪዋ ሱቋ ገባች። «ብለሽዋል?»

«ብዬዋለሁ። ቢነሳም እደግመዋለሁ።»

«የሟቹ ጥቁር ኮት ላይ አንዱ ቁልፍ በቀይ ክር ተሰፍቷል።»

«የኔ ክር ነው። ቁልፉ ተንጠልጥሎ እያየሁ እንዴት ዝም ልበል? ጥቁሩ አልቆብኝ ነው በቀይ የሰፋሁት። አፌ ሲሰድበው እጄ ይሰፋለት ነበር።»

«ከዚያስ?»

«የድሮ ሥራዬን ልይ ብሎ ወጣ። በሬን ዘግቼ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ጩኸቱን ስሰማ እግሬ መርገጫው ላይ ነው።»

መርማሪዋ በሩን ከታች ዳበሰችው። ጫፉ በመጋዝ ተቆርጧል። «ይህን ማን ነው የቆረጠው?»

«ጋሼ ነው፣ ወንድሜ። ወለሉ በተነጠፈ ቁጥር በሩ አልከፈት ይላል። እሱ ይመጣና ከሥር ይቀንስልኛል።»

ስትወጣ ውሃ ልክ ፊት ቆመች። «እርስዎ በዚያ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ሥራ ላይ።»

«ምን ሥራ?»

«የታዘዝኩትን» አለና እጆቹን ኪሱ ከተተ።

እኩለ ቀን ላይ የጣሪያው መስታወት ብርሃኑን ቁልቁል ሲያፈስ መርማሪዋ ሁሉንም ሦስተኛው ፎቅ መሃል ካለው ክፍት ቦታ ዳር ሰበሰበቻቸው። ድሮ ይህ ቦታ የቆርቆሮ ገበያ ነበር። አርክቴክቱ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ሱቆቹን በአንድ ክፍት ክብ ዙሪያ ደርድሮ፣ ነጋዴ ከነጋዴ ፊት ለፊት እንዲተያይ አድርጎ ሠራው። በክቡ ዳር የብረት መደገፊያ ዞሮበታል፤ ከመደገፊያው ፊት ደግሞ ከባድ የሲሚንቶ የአበባ ገንዳዎች ተደርድረዋል። አንዱ ብቻ ከሰልፉ ወጥቶ ግድግዳ ጥግ ቆሟል።

«ማንም አልገፋውም» አለች። «ጥበቃው የስፌት መኪናው ድምፅ እስከ ጩኸቱ ድረስ እንዳልተቋረጠ መስክሯል። እርስዎም፣ ሥራ አስኪያጅ፣ ከጥበቃው ጋር በር ላይ ነበሩ። የሟቹ ኮት ጀርባ፣ ከወገብ በታች፣ የዚህ ብረት ዝገት አለበት። መደገፊያውን በጀርባው ተደግፎ ጣሪያውን አንጋጦ ሲያይ ነው የወደቀው።»

«ራሱ ባሠራው መደገፊያ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ያኔ ሲያሠራው እምብርት ይደርስ ነበር። አሁን አጠገቡ ይቁሙ እስቲ።»

ቆመ። ብረቱ ጭኑ ላይ ቀረ። ቶሎ ወደ ኋላ አለ።

«ብረቱ አላጠረም፤ ወለሉ ነው ያደገው። ጎንበስ ብላችሁ ጠርዙን እዩት፤ ቀይ፣ ዝንጉርጉር፣ ቡናማ፣ ነጭ። አሮጌውን ንጣፍ ማፍረስ አቧራ ነው፣ ገበያ ያዘጋል። ስለዚህ በላይ በላዩ ተነጠፈ። ሦስት ጊዜ፣ ሦስት ሦስት ጣት። ደረጃው አልተነካም፤ ለዚህ ነው መጨረሻው ላይ እግሬ የተሳሳተው። ሟቹ የሚያውቀው ከሦስቱ የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። በድሮ ልማዱ ተደገፈ።» ቀና አለች። «ማንም አስጠንቅቆ አያውቅም?»

«አንድ ሰው ተናግሮ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ምሳ ይዤለት መጥቼ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ‹ጌታዬ፣ ወለሉ ከፍ ሲል ብረቱ ያጥራል› አለው። ሟቹ ምን ብሎ እንደመለሰለት ግን አልደግመውም።»

ውሃ ልክ ወለሉን አየ። ከዚያ ረቡዕ በኋላ ሁለት ጊዜ አንጥፏል፤ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

«ገንዳዎቹንስ ማን ደረደራቸው?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ እንጃ፣ ለውበት መስለውኝ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ለውበት ቢሆን አበባ ይኖርባቸው ነበር። አሸዋ ነው የሞላባቸው። ሰው መደገፊያው አጠገብ እንዳይደርስ የተደረደሩ ናቸው። ታዲያ ይህን አንዱን ዛሬ ጠዋት ማን አነሳው? ሟቹ ሽማግሌ ነው፣ አይችለውም። ያነሳው ሰው ጎትቶት ቢሆን ነጩን ንጣፍ ይጭረው ነበር። አንድም ጭረት የለም። እርጥብ ጆንያ ከሥሩ አንጥፎ፣ በጠርዙ እያዞረ ነው የወሰደው። የጆንያው ክር እዚህ ቀርቷል። እንዲህ ባለ ሰዓት እንኳ ለዚህ ወለል የሚሳሳለት ያነጠፈው ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ውሃ ልክ ዞሩ።

«የደረደርኳቸው እኔ ነኝ። ሟቹ ዛሬ ‹ይህን ግሳንግስ ከፊቴ አንሳልኝ› አለኝ» አለ ውሃ ልክ። «አነሳሁለት።»

«አወቀዎት?»

«አላወቀኝም። ሲያየኝ… ማንም ነኝ።» በአገጩ መደገፊያውን ጠቆመ። «ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ ዓምዱ ሄድኩ ብዬ አልዋሽም። ሲደገፍ አይቼዋለሁ።»

መርማሪዋ ልብስ ሰፊዋን እንዲተዋት ለሥራ አስኪያጁ ምልክት ሰጠች። ወደ ውሃ ልክም ዞራ «ቃልዎን ጣቢያ ይሰጣሉ። መኪናው ታች ነው» አለችው በዝግታ።

እህቱ መንገዱ ላይ ቆመች። አላለቀሰችም። ከወንድሟ ኮት ትከሻ ላይ የጆንያ ክር አነሳችና በጣቶቿ መሃል ያዘችው።

«ጋሼ» አለች፣ «ያኔ ስትናገር ሳቁብህ። ዛሬ ግን የሚስቅ ሰው አልነበረም። ለምን አልነገርከውም?»

ውሃ ልክ የያዘችውን ክር ለአፍታ አየው። ከዚያ በጎኗ አልፏት ሄደ። የመጀመሪያው ደረጃ ከሌሎቹ ይጠልቃል፤ እግሩ ሳያይ ያውቀዋል። ረገጠውና ወረደ።