ቁራጭ ቆርቆሮ

«አባባ፣ እስቲ ትንሽ ነዳጅ ይስጧት።»

አያቷ ነዳጁን ረገጥ አደረጉት። አሮጌዋ መኪና አጓራች። ልጅቷ በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቀይ መብራት አየች። ዲናሞው ባትሪውን መሙላት ሲጀምር መብራቱ መጥፋት ነበረበት። እሱ ግን ጭራሽ ቦግ አለ።

«ያው ነው?»

«ያው ነው።»

ሞተሩን አጠፉት። ልጅቷ ሁለት ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዲናሞውን አውርዳ፣ ያለቁትን ካርቦኖች ቀይራ፣ መልሳ ገጥማ ነበር። ጥፍሯ ውስጥ የገባው ግራሶ እንኳ ገና አልለቀቀም።

«ተይው የኔ ልጅ» አሉ አያቷ እየወረዱ። «የገደልኳት እኔ ነኝ። በቀደም የዲናሞውን ቺንጋ ሳጠብቅ እጄ ሲንቀጠቀጥ የሆነ ነገር ነክቻለሁ። ነገ አጎትሽ ዲናሞውን ነቅሎ አዲስ ዓይነቱን ይግጠምላት። ከእንግዲህ እኔ ኮፈኖዋን አልከፍትም።»

አርባ ዓመት መኪናዋን ከልጅቷ በቀር ሌላ ሰው አስነክተው አያውቁም። አሁን እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ወደ ቤት ገቡ።

ልጅቷ ባልዲ ደፍታ ተቀመጠች። አንድ ነገር አልዋጥልሽ አላት። ዲናሞው ሞቶ ቢሆን መብራቱ እንዳለ ይቀጥላል እንጂ ሞተሩ ሲፈጥን ለምን ይደምቃል? ዲናሞው ይሠራል ማለት ነው። ከባትሪው ጋር ግን ተጣልቷል።

ተነስታ ባትሪውን አየች። ከመኪናዋ ቦዲ ጋር በተያያዘው ገመድ ማሰሪያ ሥር ቁራጭ ቆርቆሮ ተጠቅልሏል።

ቆርቆሮውን የጠቀለለችው እሷ ናት። ባለፈው ወር አያቷ ጉንፋን ጥሏቸው ሳለ፣ ባትሪውን አስሞልታ ራሷ ገጠመችው፤ በአጎቷ መኪና ላይ እንዳየችው ኔጋቲቩን ወደ ቦዲ። አንዱ ማሰሪያ ሲላላ ቆርቆሮ ጠቀለለችበት፣ ሌላው አልገባ ሲል በካቻቢቴ አሰፋችው። ያን ቀን ደግሞ እንዴት ኮርታ ነበር።

የላላውን ማሰሪያ አውልቃ በጨርቅ ፈገፈገችው። ከዝገቱ ሥር የመደመር ምልክት ወጣ። በዚህች መኪና ወደ ቦዲ የሚሄደው ፖዘቲቩ ነው፤ እሷ ግን ገልብጣ ገጥማዋለች።

ቆርቆሮውን ኪሷ ከተተች። በዲናሞውና በባትሪው መካከል ኤሌክትሪኩን የምታሳልፈውን ትንሽ ሳጥን ከፍታ፣ የከሰሉትን መገናኛዎች በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ አሸች። ከዚያ የባትሪውን ገመዶች አገላብጣ አሰረች።

በማግስቱ አጎቷ የዕቃ ሳጥኑን ይዞ መጣ። «ኢንጂነሯ፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

«መጀመሪያ አስነሳት፣ ጋሼ።»

አስነሳት። ቀዩ መብራት በራ። ነዳጅ ሲሰጣት ፈዘዘ፣ ፈዘዘና ድርግም አለ።

«ካርቦኑ ነበር በይኛ!» አለ አጎቷ።

አያቷ በሩ ላይ ቆመዋል። እጃቸው አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ነው። «እኔ ያበላሸሁትን አንቺ አዳንሽው» አሉና ፈገግ አሉ።

ራሷን በአዎንታ ብትነቀንቅ ይበቃ ነበር።

ወደ እሳቸው ሄደች። ቆርቆሮውን ከኪሷ አውጥታ በመዳፏ ዘረጋችላቸው።

«አባባ፣ እጅዎን ያውጡና ይቺን ይያዟት» አለች። «ከየት እንዳወጣኋት ልንገርዎት።»