የጠጋኙ የመጨረሻ ቪዲዮ

ሟቹ ወለሉ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። የብረት ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ክዳኑ የወለቀ ኮምፒውተር፣ እንዳይግል በተደገነለት ማራገቢያ እየተነፈሰ ሥራውን ቀጥሏል። የሰፈሩ ሰው ሟቹን «ጠጋኙ» ይለዋል። የሰዎችን የድሮ የቤት ቪዲዮ ከካሴት ወደ ፋይል እየገለበጠ፣ እየቆረጠና እየቀጠለ፣ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራምና በአሮጌ ዕቃ ቤተሰቡን ያኖር ነበር።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ ሳጅኑ አፉን ሞልቶ። «ሚስቱ ናት። ጠዋት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ሬሳውንም ያገኘችው እሷ ናት።»

መርማሪዋ «ያለቀለት» የሚል ሰው አትወድም። ለሳጅኑ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወደ ሚስትየዋ ዞረች። ሴትዮዋ በሩ አጠገብ ትኩሳት የያዛትን ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ማልቀስ እንኳ አቅቷታል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ልጅቷን ሐኪም ቤት እንውሰዳት ብዬው ነው። የአንድ ሹፌር ደንበኛውን ቪዲዮ ጠቅሶ ዛሬ አስረክባለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ አለኝ። ሌሊቱን አብረን ስናባብላት ነው ያደርነው፣ እሱም ደክሞታል። ጮህኩበት፤ አልዋሽዎትም። ከዚያ ብቻዬን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ወረፋው አልደርስ ሲለኝ ሳላሳክማት ተመለስኩ፤ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ሰልፉ ላይ ያየሽ ሰው አለ?»

«ማን ያስታውሰኛል? እኔስ ልታሰር፤ ሲወስዱኝ እሷን ማን ይይዝልኛል? የነበረን እሱ ብቻ ነው።»

መርማሪዋ የሕፃኗን ግንባር ዳሰሰች። ሳጅኑን ጠራችና «መኪናህን አስነሳ፤ መጀመሪያ ሕፃኗን አሳክምልኝ። እናትየዋ ካንተ ጋር ናት፣ አትጠፋህም» አለችው። ሳጅኑ እያጉረመረመ ወጣ።

የሥራ ክፍሉን ከጠጋኙ ጋር የሚጋራው የሠርግ ካሜራማን ካሜራውን እንዳነገተ ደረሰ። ክው ብሎ ቀርቷል።

«እኔ ከጠዋት ጀምሮ ሠርግ ስቀርፅ ነበር፤ ሙሽሮቹን ይጠይቁ።»

«በስልክ ጠይቄያቸዋለሁ። ከሟቹ ጋር ትጣላላችሁ ይባላል።»

«በየቀኑ። ያለን ዲስክ አንድ ነው፤ ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ያለቀውን ቪዲዮ በአዲሱ ዘዴ ጨምቆ ያሳንስና ዋናውን ይሰርዛል። አትሰርዝ ብዬ ብዬ ሰለቸኝ።»

«የሹፌሩንስ?»

«እሱንም ሰርዟል። ካሴቱ ራሱ ሲገለበጥ ተበጣጥሷል፣ በስብሶ ነበር። የሞተው የሹፌሩ ልጅ ያለበት ያ ቪዲዮ ብቻ ነው። ጠጋኙ ግን ጠንቃቃ ነው፤ ፋይል ከመስጠቱ በፊት ደንበኛውን ሁሉ ‹ቴሌቪዥንዎ አዲስ ነው አሮጌ?› ይላል።»

መርማሪዋ ኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን ፋይል አስከፈተች። አንድ ትንሽ ልጅ ግቢ ውስጥ ይሮጣል፤ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው።

«ቀለሙ የት ገባ?»

«ካሴቱ ላይ ተበላሽቶ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ጨርሶ ጥቁርና ነጭ ቢያደርገው አማረ።»

ሹፌሩን ቤቱ አገኘችው። ግዙፍ ሰውዬ ነው። ቪዲዮው የተጫነበት ፍላሽ በተሰካበት፣ ጠርዙ በተሰነጠቀ አሮጌ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥኑ ግን ጠፍቷል።

«ጋሼ፣ ቪዲዮውን ተቀበሉ?»

«ረፋዱ ላይ። ከገባሁ ጀምሮ ሳየው ነው የዋልኩት፤ ከቤት አልወጣሁም።»

«ጥሩ ሆኖ ወጣልዎ?»

«ቀይ ሹራቡ ሳይቀር እንደ ድሮው ደምቆ ነው የወጣው። እጁን ይባርከው።»

ይህን ሲል ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። መርማሪዋ አመስግና ወጣች።

አመሻሹ ላይ ሁሉንም እዚያው ሹፌሩ ቤት ሰበሰበቻቸው። ሚስትየዋ መድኃኒቷን ወስዳ የተኛችውን ልጇን አቅፋለች፤ ሳጅኑ ከኋላዋ ቆሟል። መርማሪዋ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። የልጅ ሳቅና «አባዬ፣ እየኝ!» የሚል ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ማያው ግን ጨለማ ነው። ሹፌሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ጋሼ፣ ሹራቡ ደምቆ ወጣ ብለውኛል። ቪዲዮው ግን ቀለም የለውም» አለች መርማሪዋ። «እንግዲህ የነገሩኝ የሚያስታውሱትን እንጂ ያዩትን አይደለም። ያላየ ሰው አየሁ የሚለው ለምንድን ነው? ረክቼ ቤቴ ተቀምጬ ነበር ለማለት ነው። የልጁን ድምፅ ሰምቶ መልኩን ያጣ አባት ግን አይቀመጥም፤ ወደ ጠጋኙ ይሮጣል። ካሜራማኑ ሠርግ ላይ እንደነበር ሙሽሮቹ መስክረዋል። ይህቺ ሴት ባሏን ብትገድል ኖሮ ደግሞ እርስዎ የሚዋሹበት ምክንያት አልነበረም።»

ሹፌሩ እጁን ከፊቱ ላይ አወረደ።

«ዋናውን አምጣ አልኩት» አለ በመጨረሻ። «ሰርዤዋለሁ አለኝ። ካሴቱስ ስለው ተበጣጥሷል አለኝ። ልጄን ሁለተኛ ቀበርኩት። ከዚያ ደግሞ ‹ቴሌቪዥንዎ ነው ችግሩ› ሲለኝ የቀለደብኝ መሰለኝ። ገፈተርኩት። እንዲሞት ብዬ አይደለም።»

«አልቀለደም» አለች መርማሪዋ። «በአዲሱ ዘዴ የተጨመቀ ቪዲዮ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ዛሬ ሳይጠይቅዎት ቀረ፤ ከታመመች ልጁ ጋር ሲታገል ያደረ ሰው ነው።»

ፍላሹን ነቅላ ካሜራማኑ ይዞት የመጣው ላፕቶፕ ላይ ሰካችው። ልጁ እየሳቀ ወደ ካሜራው ሮጦ መጣ።

«እዚሁ ውስጥ ነበር?» አለ ሹፌሩ።

«እዚሁ ነበር።»

ሳጅኑ የእጅ ሰንሰለቱን አውጥቶ ወደ ሹፌሩ ተጠጋ። ሚስትየዋ ግን እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

«ተወው፣ አይቶ ይጨርስ» አለች። «ባሌ የሰውን ሁሉ ቪዲዮ ሲሠራ ኖሮ የራሱን አንድ አላስቀረም። እኔ ለልጄ አባትሽ ይሄ ነበር ብዬ የማሳያት የለኝም።»

ሳጅኑ ሰንሰለቱን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀ።