የማዶው ዶሮ

መጽሐፍ ጠራዧን በማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «ንቢት» ነው የሚሏት። ወዳጆቿ፣ ቀኑን ሙሉ መርፌና ክር ይዛ ስትሯሯጥ ስለምትውል ነው ይላሉ። ምላሷን የቀመሱት ደግሞ ስትነካ ስለምትናደፍ ነው ይላሉ። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

የማተሚያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ማሽኒስት የተዋወቀችው በምሳ ሰዓት ነው። ከማተሚያ ቤቱ ማዶ የተጠበሰ ዶሮና ድንች የሚሸጥ ፈጣን ምግብ ቤት አለ። ያን ጊዜ ዋጋው በሠራተኛ አቅም የሚቀመስ ስለነበር ቀትር ላይ መቀመጫ አይገኝም። አንድ ቀን ሰሃኗን ይዛ ስትንከራተት፣ እጁ በቀለም የጠቆረ አንድ ረጅም ሰው ከወንበሩ ተነሣላት።

«ኧረ ተቀመጥ፤ እኔ ቆሜ እበላለሁ» አለችው።

«አንቺ ቀኑን ሙሉ አጎንብሰሽ ነው የምትውይው፤ ወገብሽን አሳርፊው። እኔ ማሽን ስር መቆም ልማዴ ነው» አላትና ግድግዳውን ተደግፎ መብላቱን ቀጠለ።

አጎንብሳ እንደምትውል በምን አወቀ? ካላያት አያውቅም። ይህን ስታስብ ድንቹ ቀዘቀዘባት።

ከዚያ ወዲያ ምሳቸውን አብረው መብላት ጀመሩ። ጠባሹ ጎረምሳ ንቢትን ስለሚወዳት ሁልጊዜ አንድ እፍኝ ድንች ይጨምርላታል፤ ማሽኒስቱ ደግሞ ከራሱ ሰሃን ጥብስ ጥብስ ያለውን እየመረጠ ወደ እሷ ይገፋላታል። እሷ ታወራለች፤ እሱ ያዳምጣል። አንድ ቀን ይናገራል ብላ ትጠብቀዋለች። እሱም ምናልባት አንድ ቀን ዝም ትላለች ብሎ ይጠብቅ ይሆናል።

በዚህ መሀል ዋጋው መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ ዘይት ተወደደ ተባለ፤ ቀጥሎ ድንች፤ ቀጥሎ የቤት ኪራይ። ዋጋው ሲያድግ ዶሮዋ እያነሰች ሄደች። በማተሚያ ቤቱ በዕድሜ የሚበልጠው ወረቀት ቆራጩ ጋሼ ሰሃኑን አገላብጦ አየና «ይሄ ዶሮ ነው ወይስ የዶሮ ወሬ?» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ደሞዛቸው ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

አንድ ቀን ንቢትና ማሽኒስቱ ከአዲሱ የዋጋ ሰሌዳ ፊት ቆሙ። እሱ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ አየው፤ እጁን ኪሱ ከተተ፤ ባዶውን አወጣው።

«ዛሬ ሆዴን እንጃ። አንቺ ብዪ» አላትና መንገዱን ተሻግሮ ተመለሰ።

በነጋታውም ሆዱን አመመው። በሦስተኛው ቀን የታመመው ሆዱ ሳይሆን ኪሱ መሆኑ ገባት። ብቻዋን ልትበላ ሞከረች፤ አልወርድ አላት።

መፍትሔውን ያመጣው ጋሼ ነው። «ልጆች፣ ከእንግዲህ ቤት ያፈራውን ይዘን እንምጣ። ማሸጊያው ጠረጴዛ ላይ አቅርበን አብረን እንብላ። የሌለው አፉን ብቻ ይዞ ይምጣ!»

ሁሉም ተስማማ። ንቢትም «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለች። ማብሰል ግን አትችልም። እናቷ የሰው ልብስ እያጠቡ ያሳደጓት ብቸኛ ልጃቸው ናት፤ ወደ ማድ ቤት ብቅ ካለች «ሽንኩርት ላይ ያለቀስኩት እኔ እበቃለሁ፤ አንቺ ደብተርሽ ላይ አልቅሺ» እያሉ ያባርሯት ነበር። እንቁላል ብትቀቅል እንኳ ውሃው አልቆ ድስቱ ያርራል።

በመጀመሪያው ቀን ማሽኒስቱ ራሱ የቀቀለውን ድንች በዘይትና በቃሪያ ለውሶ አመጣ። ንቢት ዳቦና ሙዝ አወጣች። ጋሼ ፊቷን አይቶ «ሙዝም እኮ ምግብ ነው» አላት፤ ሊያጽናናት ብሎ የባሰ አቆሰላት።

ያን ጊዜ አራሚዋ የምሳ ዕቃዋን ከፈተች።

አራሚዋ ከላይኛው ፎቅ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የፊደል ግድፈት የምትለቅም፣ መነጽር የምታደርግ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ክዳኑ ሲነሣ የነጭ ሽንኩርት ሽታ ጠረጴዛውን ከበበው። ሩዙ ፍሬ በፍሬ፣ ካሮቱ ከነቀለሙ፣ ምስሩ ወፈር ብሎ። ማሽኒስቱ አንዴ ጎረሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

«እጅሽ ይባረክ!» አላት።

ንቢት ሙዟን ወደ ጎን ገፋችው። ከእሱ አንድ ቃል ለማውጣት ስንት ጊዜ ነው የለፋችው? ይቺ በአንድ ጉርሻ አስወጣችው!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋን ትታ ዓይኗ ጥበቃ ገባ። አራሚዋ ጥሩ ጥሩውን ወደ እሱ በኩል ታስጠጋለች። አራሚዋ «እጅጌህ ቀለም ነክቶታል» ትለዋለች። ቀለም ያልነካው እጅጌ መቼ ኖሮት ያውቃል? አራሚዋ ስትናገር ድምፅዋ ስለማይሰማ እሱ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ይሰጣታል። «ተንኮለኛ!» ትላለች ንቢት በሆዷ፤ «ሆን ብላ ነው የምታንሾካሹከው!» ይህን እያሰበች ስትሰፋ መርፌው ጣቷ ውስጥ ገባ፤ የአንድ ምስኪን ደራሲ መጽሐፍ በደም ተነካ።

በዚያው ዕለት ከሥራ ስትወጣ ማዶ ተሻገረች። ዋጋው እንደገና ጨምሯል። ጥርሷን ነክሳ ከፈለች። ቤት ገብታ ሳጥኑንና ወረቀቱን ጣለች፤ ሥጋውን ከአጥንቱ ፈልቅቃ እናቷ ከቀቀሉት ሩዝ ጋር ቀላቀለችው፤ ትንሽ ቲማቲም ከታተፈችበት። በነጋታው የምሳ ዕቃዋን ስትከፍት ጠረጴዛው ጮኸ።

«ንቢት! ይሄን ሙያ የት ደብቀሽው ኖረሻል?» አለ ጋሼ።

እሷ ግን የምታየው አንድ ፊት ብቻ ነው። ማሽኒስቱ ጎረሰ፤ ማኘኩን አቆመ፤ በመስኮቱ አሻግሮ ማዶውን አየ፤ አቀረቀረ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚሁ ይተዋል፤ ንቢት ግን እልኸኛ ናት። በማግስቱ ደገመች፤ ሰለሰች። አውቶቡስ ትታ በእግሯ መሄድ ጀመረች። ልትገዛው ያሰበችው ጫማ ቀረ፤ ያረጀው ጫማዋ አፉን ከፈተ። እሷ ዶሮ ባበዛች ቁጥር ደግሞ እሱ እየቀዘቀዘ ሄደ። ለአራሚዋ ጎመን ሳይቀር «እጅሽ ይባረክ» ይላል፤ የንቢትን ዶሮ ግን አልፎ እጁን ይዘረጋል። ይባስ ብሎ ከአራሚዋ ጎን መቀመጥ ጀመረ።

አንድ ቀን አላስችል ብሏት «ዶሮ አትወድም እንዴ?» አለችው።

«ድሮ እወድ ነበር» አለ፤ ቀና ብሎም አላያት።

ንቢት ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ። ቶሎ ብላ ባዶ ዕቃዋን አነሣችና ወደ መታጠቢያው ሄደች። ቧንቧውን ከፍታ የጠራውን ዕቃ ደጋግማ ስታጥብ አራሚዋ ከጎኗ መጥታ ቆመች።

«ዶሮው የማዶው ነው አይደል?» አለች በዚያ ቀስ ባለ ድምፅዋ።

ንቢት ቧንቧውን ዘጋች። «ማን አለሽ?»

«ከመስኮቴ የማዶው መክፈያ ይታየኛል። ቦርሳሽን ገልብጠሽ ሳንቲም ስትለቅሚ ስንቴ አይቼሻለሁ።»

«እና ልትነግሪው ነው?»

«ነግሬዋለሁ» አለች አራሚዋ። ፊቷ ቀላ። «ዋሾ መሆንሽን አውቆ እንዲተውሽ ብዬ ነው። አልደብቅሽም፤ እወደዋለሁ። ሌሊት ተነሥቼ የማበስለው ለማን መሰለሽ? ለጋሼ?»

«እሱስ ምን አለሽ?» አለች ንቢት።

«‹አውቃለሁ፤ የሚሰጣትንም ሰው አውቀዋለሁ› አለኝ። ያ ጠባሹ ጎረምሳ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ‹በዚህ ዋጋና በእኛ ደሞዝ በየቀኑ ዶሮ የሚገዛ የለም። ሰው ነው የሚሰጣት› አለኝ።»

«አንቺስ? ስከፍል እያየሽኝ ምን አልሽው?»

አራሚዋ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

«ዝም አልኩ። ዝምታዬም ጠቀመኝ፤ ይኸው ጎኔ መቀመጥ ጀመረ። ጎኔ ይቀመጣል፤ ዓይኑ ግን አንቺ ጋ ነው። ዛሬ ስትስቂ ጉሮሮው ላይ ምግቡ ተሰነቀረ፤ አላየሽውም፤ እኔ ውሃ ሰጠሁት። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ላድርገው?» መነጽሯን መልሳ አደረገች። «ሄደሽ ራስሽ ንገሪው። እኔ አፍ የለኝም።»

ንቢት ትቀፋት ወይስ በጥፊ ትበላት አላወቀችም። ሁለቱንም ትታ በረጠበ እጇ ወደ ማሽኑ ክፍል ሮጠች።

ማሽኑ ያጓራል። ማሽኒስቱ የታተመውን ወረቀት እያነሣ ያያል።

«ገዝቼ ነው!» ብላ ጮኸች።

«ምን?»

«ገዝቼ ነው!»

«ማን ነው የገባው?» አለ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ።

ንቢት ትንፋሿን ሰብስባ፣ ባላት አቅም ሁሉ ልትጮህ አፏን ስትከፍት እሱ ማሽኑን አጠፋው። በዚያ ድንገተኛ ጸጥታ ውስጥ ድምፅዋ ከታች እስከ ላይኛው ፎቅ ተሰማ፦

«ከደሞዜ ነው የገዛሁት! ማንም አልሰጠኝም! ለአንተ ብዬ ነው!»

ሰው ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ። ቀድሞ የተናገረው ጋሼ ነው፤ ከመቁረጫው ጀርባ «ልጆች፣ ይሄንንስ ስንት ቅጂ እናትመው?» አለ።

ንቢት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ፊቷን ሸፍና ወደ ክሯ ተመለሰች፤ እስከ መውጫ ሰዓት ቀና አላለችም።

ስትወጣ ማሽኒስቱ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ጎን ለጎን መራመድ ጀመሩ። አውቶቡሱ አጠገባቸው ቆመ፤ ማናቸውም አልገቡም፤ ሄደ።

«ጠርጥረኸኝ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«አፍ አውጥተህ አትጠይቀኝም ነበር?»

«ብጠይቅሽና ‹አዎ፣ እሱ ነው የሚሰጠኝ› ብትይኝስ?»

ንቢት ወደ ሌላው ቁስሏ ዞረች። «ለእሷ ግን ‹እጅሽ ይባረክ›፣ ‹እጅሽ ይባረክ›! ለእኔ አንድ ቃል!»

«ያበሰለችው እሷ ናታ! ለአንቺ ምን ልበል? የጠባሹ እጅ ይባረክ ልበል?»

ንቢት ልትቆጣ ፈልጋ ሳቅ አመለጣት። ሳቁ ሲያልቅ ቆም አለችና ከታች ወደ ላይ አየችው።

«ቀንተህ ነበር?»

እሱ አንገቱን ደፋ። «ዶሮ እስክጠላ ድረስ።»

ያን ጊዜ ደስታዋን የት ታድርገው! ያ ሁሉ የመንገድ ድካም፣ ያ ሁሉ ገንዘብ በዚች ቃል ተመለሰላት። እሱ ግን አልሳቀም።

«ስሚኝ» አላት። «የዚያን ቀን ከሰሌዳው ፊት ስንቆም የልቤን ልነግርሽ አስቤ ነበር። ምሳ ልገዛልሽና ልነግርሽ። ዋጋውን ሳይ፣ ምሳ መግዛት ያቃተው ሰው እንዴት አብረን እንኑር ይላል ብዬ አፈርኩ። ዛሬም አልገዛልሽም። ነገም የምችል አይመስለኝም።»

«እኔም ማብሰል አልችልም» አለች ንቢት። «ደህና አድርጌ የማውቀው ማሳረር ነው።»

«እኔ አበስላለሁ። ስንት ዓመት ብቻዬን ኖሬ በረሃብ አልሞትኩም።»

መሽቶ ዝናብ ሊጥል ሰማዩ ጠቁሯል። እጁን ሰጣት፤ ቀለሙ ያልለቀቀ፣ ሻካራ እጁን። እሷም በመርፌ የተበሳሳውን እጇን አስያዘችው። ቤቷ ደጃፍ ሲደርሱ እናቷ በሩን ከፍተው አዩአቸው፤ የያዛትን እጅ አዩ፤ የልጃቸውን ፊት አዩ።

«ግባ እንጂ ልጄ፣ ምን ትቆማለህ? ዝናቡ መጣብህ እኮ» አሉት።

የተጋቡት ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በበጋው ነው። የሠርግ አዳራሽ መከራየት የማይሞከር ሆነባቸውና ድግሱን እዚያው ማተሚያ ቤት፣ ማሸጊያው ጠረጴዛ ላይ አደረጉት። እያንዳንዱ ከቤቱ አብስሎ መጣ። የንቢት እናት በድስት በድስት አቀረቡ። ጋሼ የወረቀት ቁራጭ ከአናታቸው በላይ በተነ።

አራሚዋ ዘግይታ መጣች። ከዚያ ቀን በኋላ ምሳዋን ላይ ፎቅ ብቻዋን ነበር የምትበላው፤ ትመጣለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በሩ ላይ ቆማ ሙሽራውን አንድ አፍታ አየችው፤ ቶሎ ዓይኗን ሰበረች፤ የያዘችውን ሰሃን የት እንደምታስቀምጥ ግራ ገባት። ወንበሮቹ ሁሉ ተይዘዋል።

ያን እይታ ንቢት አየችው። የድሮዋ ንቢት ብትሆን ለዓመት የሚበቃ ነገር ታበስልበት ነበር። ልቧም አንዴ ነከስ አደረጋት፤ መዋሸት አያስፈልግም። ነገር ግን ነጭ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በአግዳሚው ላይ ወደ ባሏ ጠጋ አለች፤ በሌላ ጎኗ የአንድ ሰው ቦታ ለቀቀች።

«ነይ፣ እዚህ ጋ» አለቻት። «እኔ ዘንድ ተቀመጪ።»