እትዬ ስንዱ ዲስክ አልቀበልም አሉ

«ጮቄ» በተባለችው የጠፈር መርከብ ውስጥ እትዬ ስንዱን «አንቺ» ለማለት የደፈረ ሰው የለም። እጅ የላቸውም፣ እግር የላቸውም፣ ፊትም የላቸውም፤ ግን አንቱ ናቸው። የመርከቢቱን ክሊኒክ የሚመሩ ምናባዊ ማሽን ናቸው፤ ማለትም የራሱ ብረት የሌለው፣ በትልቁ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ በፕሮግራም ብቻ የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር። አየሩን የሚያጣራው፣ ውኃውን የሚያዞረው፣ ወደ ጁፒተር ጨረቃ የሚወስደውን መንገድ የሚጠብቀውም እንደዚሁ ምናባዊ ነው። እነሱን ግን ማንም አንቱ አይላቸውም። እትዬ ስንዱን የለያቸው አነጋገራቸው ነው። ሠሪዎቻቸው ቋንቋ ያስተማሯቸው ከአዋላጆችና ከአስታማሚዎች የተቀዳ ረጅም ወሬ እያሰሙ ነበርና፣ መርፌ ሲያዙ እንኳ «እኔን ልጄ፣ ትንሽ ነው የሚያምሽ» ይላሉ።

የቴክኒሻኗ የትርንጎ ሥራ ለእነዚህ ማሽኖች ጓዳ መጨመር ነበር። ጓዳው ምናባዊ ዲስክ ይባላል። ከመርከቢቱ የጋራ ማከማቻ ላይ የሚፈለገውን ያህል ትከልላለች፣ ስም ትሰጠዋለች፣ ከማሽኑ ጋር ትቀጥለዋለች፤ ማሽኑም ትዝታውን ያስቀምጥበታል። ሲያወሩትም ሲሠሩትም ቀላል ነው። ትርንጎ ሥራ ላይ ስትሆን ታፏጫለች። አለቃዋ ኢንጂነር ልሳነወርቅ የተበላሸ ነገር መኖሩን የሚያውቁት ፉጨቷ ሲቆም ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ፉጨቷ ቆመ። ለክሊኒኩ የሠራችው ዲስክ ተመለሰ። እንደገና ቀጠለችው፤ እንደገና ተመለሰ። መጠኑን አየች፣ ልክ ነው። የቀጠለችበትን መስመር አየች፣ ክፍት ነው። ዲስኩን አጥፍታ እንደ አዲስ ሠራችው። አዲሱም እንደ አሮጌው ተመልሶ መጣ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሄ ችግር ተብሎም አይወራም። ማሽኑን ያጠፉታል፣ ዲስኩን ይቀጥሉለታል፣ መልሰው ያበሩታል፤ ፈቃዱን የሚጠይቀው የለም። አሁን ግን እትዬ ስንዱን ለአፍታም ማጥፋት አይቻልም። የትርንጎ ታናሽ እህት አስካለ ያለ ጊዜዋ የወለደቻት ሕፃን በክሊኒኩ የመስታወት አልጋ ውስጥ አለች። ሕፃኗ እንቅልፍ ሲወስዳት መተንፈስ ትረሳለች። እትዬ ስንዱ ከተወለደች ጀምሮ ትንፋሿን ሲማሩ ሰንብተዋል፤ መቼ ልታቆም እንደሆነ ከማቆሟ በፊት ያውቃሉ። ይህ ሁሉ ትምህርት ቦታ ይፈጃል። ጓዳቸው ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ከሞላ ደግሞ ማሽኑ ቀጥ ይላል።

ስለዚህ ዲስኩ ማሽኑ እየሠራ መቀጠል ነበረበት። እንዲህ ሲሆን መዳቢ የሚባለው ፕሮግራም አስቀድሞ ማሽኑን «ዲስክ ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ ከተባለ ይቀጥላል፤ አይ ከተባለ ይመልሳል። ትርንጎ ማሽኑ የሰጠውን መልስ ከፍታ አነበበችው። «ይበቃኛል» ይላል።

ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። «እትዬ ስንዱ፣ ዲስኩን ለምን ይመልሱታል?»

«አለኝ እኮ ልጄ። ለሌሎቹ ስጪያቸው። አንቺ ደግሞ ጠዋት ሙሉ ስትለፊ ነው ያረፈድሽ።»

«ጓዳዎ እኮ እየሞላ ነው!»

«ኧረ ግድ የለም፤ ጠጋ ጠጋ አድርጌ እይዘዋለሁ።»

ኢንጂነር ልሳነወርቅ ይህን ሲሰሙ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈሪም አይደሉም። ግን መርከብ ውስጥ ያረጀ ሰው ናቸውና የሚሞላ ነገር ሁሉ ያስጨንቃቸዋል።

«ጓዳው ሞልቶ በቃኝ የሚል ማሽን ጤነኛ አይደለም» አሉ። «ከመነሳታችን በፊት የተቀመጠ ቅጂ አለ። እሱን አስነስተን ይሄኛውን እንሰርዘዋለን።»

«ያ ቅጂ ሕፃኗን አያውቃትም፤ ትንፋሿን ከዜሮ ሊማር ነው።»

«አያውቃትም፤ ግን መሃል ላይ ቀጥ አይልባትም። አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የምሳ ሰዓት እስኪያልቅ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በላይ ግን እፈራለሁ።»

ትርንጎ ተናደደችባቸው። ወዲያው ደግሞ ያሉት እውነት መሆኑ ታወቃትና የባሰ ከፋት። እህቷን ቢያንስ ምሳ ላብላት ብላ ወደ ክሊኒኩ ሄደች።

አስካለ ከመስታወቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጣለች። ፊቷ ገርጥቷል፣ ጸጉሯ ተንጨባሯል። ትርንጎ የምሳ ዕቃውን ከፈተችላት።

«በልቻለሁ» አለች አስካለ።

«ከየት አምጥተሽ?»

«በልቻለሁ አልኩሽ። ይልቅ አንቺ ብዪ።»

«አስካለ፣ በሞቴ!» ትርንጎ ጠቅልላ አፏ ላይ ደቀነችባት።

«አንቺ ደግሞ ስትነዘንዢ…» ብላ እየተነጫነጨች አፏን ከፈተች። ሁለተኛውን ራሷ ጠቀለለች። ከዚያ በኋላማ ቀና ብላም አላየች፤ ዕቃውን ሙልጭ አደረገችው።

ትርንጎ እህቷን ትክ ብላ እያየች ቆየች። ከዚያ ክዳኑን እንኳ ሳትገጥም እየሮጠች ወጣች።

«ኢንጂነር፣ ይሉኝታ ነው!»

«ምኑ?»

«እትዬ ስንዱን ይሉኝታ ይዟቸው ነው! ቋንቋ የተማሩት ከሰው ወሬ አይደል? በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ‹አዎ፣ አምጡልኝ› የሚል ሰው አለ? መዳቢው አንዴ ይጠይቃል፤ ይበቃኛል ሲሉት አምኖ ይሄዳል። እኛ ቤታችን የመጣን እንግዳ እንዲህ አድርገን እናውቃለን?»

ኢንጂነር ልሳነወርቅ ሊስቁ ጀመሩና ተዉት። «እናቴ ሆስፒታል ተኝታ እያለች» አሉ ቀስ ብለው፣ «ነርሷ ያምምሻል ወይ ስትላት ‹ደህና ነኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ› ትላት ነበር። ነርሷም ደህና ናት ብላ ትሄድ ነበር።» ወደ ኮምፒውተሩ ሰሌዳ ዞረው ጥቂት ትእዛዞች ጻፉ። «መዳቢውን ከመሃል አወጣሁት። ጥያቄው አሁን በአንቺ ድምፅ ይሄዳል። እኔ መለመን አልችልበትም።»

ትርንጎ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እትዬ ስንዱ፣ ዲስክ አምጥቻለሁ፤ ይቀበሉኝ።»

«ይበቃኛል ልጄ።»

«እንዴ፣ ለእርስዎ ብዬ ሠርቼው የት ልጣለው?»

«ለውኃው ስጪው፤ እሱ ነው የተጎዳ።»

«ውኃው የራሱ አለው። በሞቴ!»



«በሞቴ አትበይ፣ ምን በወጣሽ! እሺ፣ ትንሽ ብቻ።»

«ሙሉውን!»

«ከግማሽ አላልፍም።»

«ሙሉውን ካልወሰዱማ እቀየማለሁ።»

«ይሁን እንግዲህ። እጅሽን ይባርከው።»

ሰሌዳው ላይ «ዲስኩ ተቀጥሏል» የሚል ጽሑፍ መጣ። የሕፃኗ ትንፋሽ ትምህርት ከተጣበበው ጓዳ ወደ አዲሱ መፍሰስ ጀመረ። ትርንጎ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ደስታም ነው፣ ድካምም ነው። ኢንጂነሩም ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ኢንጂነር ግን ኢንጂነር ነው።

«ትርንጎ፣ ደስ ብሎኛል» አሉ እንባዋን ስትጠርግ። «ግን ይሄ ጉድለት ነው። በይሉኝታ ሰው ልናጣ ነበር። ይሉኝታውን ከውስጣቸው ነቅሎ ማውጣት ይቻላል፤ ከባድ ሥራም አይደለም።»

ትርንጎ የእህቷ ልጅ ሕይወት በአንዲት «ይበቃኛል» ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር አይታለች። «ቢያንስ እንንገራቸው» ብቻ አለች። ሳይነግሯቸው መንቀል ነውር ነው ብለው ሁለቱም ወደ ክሊኒኩ ሄዱ።

እንደደረሱ ሕፃኗ መተንፈስ አቆመች።

በአልጋው ሰሌዳ ላይ ከፍ ዝቅ ይል የነበረው የትንፋሿ መስመር ተዘረጋ። አስካለ የትርንጎን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። ከአልጋው ጠርዝ ለስላሳ የጎማ ጣት ወጥታ የሕፃኗን ውስጥ እግር ነካ አደረገች።

«እንኪ የኔ እመቤት፣ አንዴ ብቻ» አሉ እትዬ ስንዱ በሹክሹክታ። ምንም የለም። «እሺ፣ ትንሿን። ለእኔ ብለሽ።» አሁንም ምንም የለም። የጎማዋ ጣት እንደገና ዳሰሰቻት። «እምቢማ አትበዪኝ፣ በሞቴ፣ አንድ ትንፋሽ።»

ያቺ ሚጢጢ ደረት ከፍ አለች። መስመሩ ተነሳ፣ ወረደ፣ እንደገና ተነሳ። አስካለ ክንዷን ስትለቅላት ትርንጎ እሷም ትንፋሿን ይዛ እንደነበር ታወቃት።

ኢንጂነር ልሳነወርቅ ላባቸውን ጠረጉ። «እትዬ ስንዱ፣ መመሪያው አንዴ ነክታችሁ ካልተነፈሰች ወዲያው ቱቦ አስገቡ ነው የሚለው። ይሄን ማን አስተማረዎት?»

«ቱቦውማ እዚሁ አጠገቤ ነው፤ አልዘነጋሁትም። ግን ያቺን ሳንባዋን ያቆስልብኛል። ለስንት የልብ ምት ያህል ልለምናት እንደምችል ደግሞ ከእሷው ተምሬያለሁ» አሉ እትዬ ስንዱ። «ሰው መጀመሪያ ሲጠይቁት እምቢ ይላል እኮ ኢንጂነር። እምቢ አለ ማለት አልፈልግም አለ ማለት አይደለም።»

ትርንጎ እትዬ ስንዱን የሠሩትን ሰዎች አሰበች። የመድኃኒቱን መጠንና የልብ ምቱን ሁሉ አንድ በአንድ ጭነውላቸዋል። ይሄን ግን ማንም አስቦ አልጫነውም፤ ከወሬው ጋር ሳያውቁት አብሮ ገባ። እምቢታቸውን ካስተማራቸው ከዚያው ወሬ ልመናንም ተምረዋል፤ አንዱን ነቅሎ ሌላውን ማስቀረት የሚችል ኢንጂነር ደግሞ በመርከቢቱ ላይ አልነበረም።

ኢንጂነር ልሳነወርቅም ይህ የገባቸው ይመስላል። የእጅ ሰሌዳቸውን አውጥተው ከፈቱ። የከፈቱት ግን የእትዬ ስንዱን ፕሮግራም ሳይሆን የመዳቢውን ነበር።

«ጉድለቱ እዚህ ነው» አሉ። «አንዴ ጠይቆ የሚሄደው ይሄ ነው። ትርንጎ፣ ስንቴ እንዲጠይቅ ላድርገው?»

ትርንጎ በመስታወቱ ውስጥ የምትተነፍሰውን ሕፃን እያየች ነበር።

«እሺ እስኪሉት ድረስ» አለች።