አሥራ አራተኛው ፒን

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። እኔም ሁለት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም። ነገር ግን በገዛ ግቢዬ፣ በዓይኔ ፊት የሆነ ነው።

ሐምሌ መጨረሻ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ወላይታ ሶዶ። ደመናው የዳሞትን ተራራ ሸፍኖታል።

መሐንዲስ ነኝ። ከቤቴ ሆኜ ባሕር ማዶ ላለ ነዳጅ ማጣሪያ የቧንቧ ውጥረት ስሌት እሠራለሁ። ከባዱ ዘይት በሙቀት ተሰንጥቆ ወደ ቤንዚን የሚለወጥበት ክፍል አለ። ቧንቧዎቹ እስከ ሰባት መቶ ዲግሪ ይግላሉ። ሲግሉ ይረዝማሉ። እንዲላወሱ ተብሎ በስፕሪንግ ይንጠለጠላሉ።

ስፕሪንጎቹ የሚገጠሙት በብረት ፒን ተቆልፈው ነው። ክፍሉ ከመለኮሱ በፊት ፒኑ ሁሉ መውጣት አለበት። አንድ ከቀረ ቧንቧው መሄጃ ያጣል... ይቀደዳል።

ባለቤቴ ፍሬዘር የሞተው እንዲያ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት።

ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አንድ ልማድ ነበረው። ፒን ሊያወጣ ከፍታ ላይ ሲወጣ፣ ታች ላለው ሰው ቧንቧውን እየመታ ይነግረዋል። ሁለቴ ከመታ፣ "ገና ነው"። ሦስቴ ከመታ፣ "ወጥቷል"።

ያን ቅዳሜ፣ ፒኖቹ ሁሉ መውጣታቸውን የሚያረጋግጠውን ሪፖርት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፈርሜ መላክ ነበረብኝ። ማጣሪያው በማግስቱ ይለኮሳል። ከሥሩ ሠላሳ ሰው ይሠራል።

አብሮኝ የሚሠራው ደገፉ ሳሎን ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል።

"ኢየሩስ፣ ሁሉም ልክ ነው። ፈርሚና ልሂድ። የመዘምራን ልምምድ አለብኝ።"

"አንተ ስትቀር ዜማው ይስተካከልላቸዋል።"

ሳቀ።

ከግቢው... ኳ። ኳ።

"ሰው ነው?" አለ ደገፉ።

"በሩ ተቆልፏል። የግቢው ቧንቧ ነው።"

ውሃ ከጠፋ አራት ቀኑ ነበር። ደገፉ ወጥቶ ከፈተው። ጠብታ የለም።

እጁን እያራገፈ ጠራኝ።

"ነይ... ንኪው።"

ነካሁት። ይፋጃል።

"የሁምቦ ቆላ ልጅ ነኝ፤ የፀሐይ ሙቀት አይጠፋኝም" አለ በሹክሹክታ። "ይሄ የፀሐይ አይደለም።"

ፀሐይ ከጠዋት ጀምሮ አልወጣችም።

ኳ... ኳ። እጄ ሥር።

ቧንቧውን እንደከፈትነው ትተን ገባን። ከማጣሪያው የተላኩትን የስፕሪንግ ፎቶዎች አንድ በአንድ አሰፋሁ።

አሥራ አራተኛው ላይ ቆምኩ።

በጥላው ውስጥ ትንሽ ቀይ ጨርቅ ይታያል። ያልወጣ ፒን ላይ የሚታሰረው ምልክት።

"ከማጣሪያው የመጣው ዝርዝር ላይ ግን 'ሁሉም ወጥተዋል' ይላል" አለ ደገፉ።

አልፈረምኩም። ማጣሪያው ውስጥ ለሚሠራው ለህብረት ደወልኩ። ከፍሬዘር ጋር የሠራ ሰው ነው።

"አሥራ አራተኛውን ወጥተህ እየው።"

"ኢየሩስ፣ አርባ ሜትር እኮ ነው። ዝርዝሩ ላይ—"

"ፍሬዘርም ዝርዝሩን አምኖ ነው የሞተው።"



"እሺ። እወጣለሁ።"

ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ደገፉ ስለ ልምምዱ አላነሳም።

ስልኩ ጮኸ። ህብረት ያለከልካል።

"ደርሻለሁ... ፒኑ የለም።"

"በፎቶው ላይ አለ።"

"ፎቶውን ዛሬ ጠዋት ከታች ሆኜ ራሴ ነኝ ያነሳሁት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልወጣም። ኢየሩስ... ፒኑ የነበረበት ቀዳዳ ይፋጃል። ክፍሉ ገና አልተለኮሰም።"

ከግቢው...

ኳ።

ኳ።

ደገፉ እጄን ያዘ።

...ኳ።

ከዚያ ቧንቧው አጉረመረመ። ከአራት ቀን በኋላ ውሃ መጣ።

ብቻዬን ወጣሁ።

ከቧንቧው አፍ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ፒን ተቀምጧል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ስታርፍበት... ቺስስ ብላ ተነነች።