ጠቅታው የቆመ ቀን

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም፣ ህልምም አይደለም። ኮሜንት ላይ ገብታችሁ "ፈጠራ ነው" ለማለት ጣታችሁን ያዘጋጃችሁ ካላችሁ ከአሁኑ ውጡልኝ። እናንተን ለማሳመን የማባክነው ጉልበት የለኝም።

ቀኑ ማክሰኞ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ።

ጨለማ የለም። መብራት አልጠፋም። ውሻ አላላዘነም። ፀሐይ በሳሎኑ መስኮት ገብታ ምንጣፉ ላይ ተኝታ ነበር፤ ጎረቤት በረንዳው ላይ ልብስ ያሰጣል።

እንደዚያ ባለ ጠዋት ነው የሆነው...

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ። "ቤታችን ውስጥ ስቱዲዮ ከፍተናል" የሚሉ ሰዎች ድምፅ ሲበላሽባቸው የሚጠሩት እኔን ነው።

እንቃቸዋለሁ። ምን አስደበቀኝ? ግድግዳቸው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈው "ድምፅ እንዲያፍንልን ነው" ይሉኛል። ውድ ማይክ ገዝተው በጀርባው በኩል ያወራሉ። ከዕቃው ጋር የመጣውን ወረቀት ሳይገልጡ ጥለው፣ ሲቸግራቸው "ዕቃው ተበላሸ" ብለው ይደውላሉ። ዕቃው ምንም አልሆነም። የተበላሸው ገዢው ነው።

ከሁሉም የሚያስቁኝ ግን "ጠቅ ጠቅ ይልብኛል" የሚሉት ናቸው።

ነገሩ ቀላል ነው። የማይክን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ትንሽ ሳጥን አለ፣ ኢንተርፌስ ይባላል። በውስጡ ክሎክ አለ፤ በሰከንድ አርባ ስምንት ሺህ ጊዜ ይቆጥራል። ሁለት ሳጥን ካላችሁ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል። ሁለቱም በየራሳቸው ከቆጠሩ ግን ትንሽ በትንሽ ይለያያሉ፤ በተለያዩ ቁጥር አንዲት ቅንጣት ድምፅ መሀል ላይ ትወድቃለች።

ጠቅ።

በቃ ይኸው ነው። አንዱን "ተከተል" ብሎ ማዘዝ ብቻ ነው። የሁለት ደቂቃ ሥራ።

የዚያን ቀን የሄድኩት ግን እህቴ ቤት ነበር።

ታላቄ ናት፣ እትዬ ነው የምላት። ጉሮሮዋ ላይ እባጭ ተገኝቶ ሐሙስ ጠዋት ኦፕራሲዮን ልትሆን ተቀጥራለች። ሐኪሙ አልደበቃትም። ከዚያ በኋላ ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል ብሏታል።

ሚጢጢ የምንላት የአራት ዓመት ልጅ አለቻት። እህቴ ስለ ራሷ አላለቀሰችም። ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ የምትወዳቸውን ተረቶች ድምፄ እያለ አንብቤ ላስቀምጥላት። አድጋም ትስማኝ።

ታዲያ የምትቀዳው ሁሉ ጠቅ ጠቅ ይላል። የቀረው ደግሞ ሁለት ቀን ነው።

ስቱዲዮውን የሠራላት ባሏ ነው። ፋርማሲስት ነው፣ ዝምተኛ፣ ሁሉን ነገር በትንሽ ደብተር የሚጽፍ። "ማኑዋል" የሚል ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ወረቀት ሳያነብ አምፖል አይቀይርም። እውነቱን ለመናገር ከመጤፍ አልቆጥረውም ነበር። ክኒን እየቆጠረ የሚኖር ሰው ስለ ድምፅ ምን ያውቃል?

መኝታ ቤቱ ውስጥ ያለውን ቁም ሣጥን ባዶ አድርጎ በብርድ ልብስ ሸፍኖታል። አንዱ ማይክ ከአፏ ፊት፣ ሌላው ከራሷ በላይ። ሽቦዎቹ በበሩ ሥር አልፈው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ወዳሉ ሁለት ሳጥኖች ይመጣሉ።

ገና አንድ ጊዜ እንዳየሁት ሳቄ መጣ። ሁለቱም ሳጥኖች በየራሳቸው እየቆጠሩ ነው።

"ማኑዋልህ ይህን አላስተማረህም?" አልኩት።

ወደ መኝታ ቤቱ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ጠጋ አለኝ።

"ቀስ በል... እሷ እንዳትሰማ። ሆን ብዬ ነው።"

"ምን?"

"ሆን ብዬ ነው እንዲህ ያደረግኩት።"

ደብተሩን ገለጠ። ገጹ በሰዓትና በደቂቃ ታጭቋል።

"መጀመሪያ አንድ ሳጥን ብቻ ነበረን" አለ። "ያኔ ጠቅታ የለም። ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጠፋል። አጠገቧ ቆሜ ስታነበው ሰምቻለሁ... መልሰን ስናዳምጠው የለም። ሁለተኛውን ጨምሬ በየራሳቸው ሲቆጥሩ ግን የሚጠፋው ቅንጣት ብቻ ሆነ።"

"እና?"

"እና የሚወስደው ነገር አለ። ሁለቱ ስላልተስማሙ አልመቸው አለ። ይኼ የምንሰማው ጠቅታ... ሊወስድ ሞክሮ ሲስተው ይመስለኛል።"

ከደብተሩ ላይ ቀና ብዬ አየሁት።

"በራሴ ድምፅ አርባ ደቂቃ ቀድቻለሁ፤ አንድም ጠቅ የለም። በሚጢጢም ሞክሬያለሁ፤ የለም። በእሷ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት በአሥራ ዘጠኝ ሰከንድ አንዴ ነበር። ዛሬ በአሥራ አንድ ነው። እባክህ፣ ሌላ ያሻህን አድርግ... እንዲከተል ብቻ አታድርገው።"

"ማንን እንዳይከተል?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ ብለህ አትጽፍለትም?" አልኩት። በራሴ ቀልድ ራሴ ሳቅኩ።

ፊቱ ቀላ። ደብተሩን ዘጋ። እኔም እሰይ አልኩ።

እንግዲህ ልብ በሉ። በሌላ ሰው ድምፅ መሞከር የመጀመሪያው ነገር ነው። ማንም ጀማሪ ያደርገዋል። እሱ አድርጎታል። እኔ አላደረግኩትም፤ ምክንያቱም የነገረኝ እሱ ነው።

ሚጢጢ ሱሪዬን ጎተተችኝ።

"አጎቴ..."

"ምንድን ነው?"

"እማዬ ትንሽ ትንሽ ትጠፋለች።" ጣቶቿን አጠጋግታ በምን ያህል እንደሆነ አሳየችኝ። "ከዚያ ትመጣለች።"

"ሂጂ ከአባትሽ ጋር ማዕድ ቤት ተጫወቺ" አልኳት።

እህቴ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መጣች። ድምጿ ሻካራ ሆኗል፣ ቢሆንም ያው እሷው ናት።

"መጣህ አንተ ጉረኛ? ባሌን አስቀየምከው አይደል?"

"ራሱ ነው የተቀየመው።"

"ተወው እሱን። ይልቅ ንጹህ አድርገህ ቅዳልኝ። ልጄ ስታድግ እናቴ ስታወራ ትቆራረጥ ነበር እንዳትል።"

"አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ ነው የማስቀምጥልሽ፣ እትዬ።"

እንዲህ አልኳት። በገዛ አፌ።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። የመኝታ ቤቱም የቁም ሣጥኑም በር ክፍት ስለሆነ ካለሁበት በደንብ ትታየኛለች። ሁለቱን ሳጥኖች የሚያገናኘውን ሽቦ ከቦርሳዬ አወጣሁና ሁለተኛውን ሳጥን "ተከተል" ላይ አደረግኩት።

የሚከተለውን ሲያጣ መብራቱ ቀይ ይሆናል። ሲያገኝ አረንጓዴ።

አረንጓዴ ሆነ።

ሽቦው ገና እጄ ላይ ነበር...

ሁለቱም ጫፍ።

ርካሽ ዕቃ ነው፣ መብራቱ ተሳስቷል አልኩ። ሽቦውን ሰካሁት። ሳጥኑ የሚከተለውን ቁጥር ፊቱ ላይ ባለች ትንሽ መስኮት ያሳያል። አርባ ስምንት ሺህ ማለት ነበረበት።

47,988 ይላል።

እያየሁት 47,987 ሆነ።

ከዚያ 47,986።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። የሚመራው ሳጥን እንዲህ አይቆጥርም። ሌላ ነገር እየተከተለ ነው። ማኑዋል ግን ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ እያየኝ ነበር፤ እሱ ፊት "አልገባኝም" ከምል ምላሴ ቢቆረጥ ይሻለኛል።

"ተስተካክሏል" አልኩት። "አየህ? ሁለት ደቂቃ።"

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ መቅጃውን ከፈትኩ። አውራ ጣቴን አሳየኋት። ስለ አንዲት ሰነፍ ጥንቸል የሚናገረውን ተረት ጀመረች።

አሥራ አንድ ሰከንድ... ጠቅ የለም።

አንድ ደቂቃ... የለም።

አምስት ደቂቃ። በሕይወቴ እንደዚያ ንጹህ ድምፅ ቀድቼ አላውቅም። ሻካራው እንኳ ጠፍቷል። የልጅነታችን ድምጿ ነው የመጣው፤ ስፈራ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የምታባብልበት። እንባዬ መጣ። አልዋሽም።

ያኔ ነው ከንፈሯን ያየሁት።

ከድምፁ ጋር አይገጥምም።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ድምፅ በኮምፒውተር ሲያልፍ ትንሽ ይዘገያል፣ የለመድነው ነው። ከንፈር ይቀድማል፣ ድምፅ ይከተላል።

ይኼ ግን የተገላቢጦሽ ነበር።

ድምጿ ይመጣል... ከዚያ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"ጥንቸሏም እንዲህ አለች" የሚለውን ሰማሁት። እሷ ገና ገጹን እየገለጠች ነበር።

ድምፅ ሊዘገይ ይችላል። ሊቀድም ግን አይችልም። ከአፍ ያልወጣ ድምፅ ከየት ይመጣል?

እጄ ግን ወደ መቅጃው ማቆሚያ አልሄደም። "ትንሽ ልይ" አልኩ። ትንሽ... ትንሽ...

ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ተረቱን ጨረሰች። መጽሐፉን ዘጋች። ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች።

ማዳመጫው ውስጥ ግን ታወራለች።

"ጥንቸሏ ቤቷ ስትደርስ በሩ ክፍት ነበር..." መጽሐፉ ላይ እንዲህ የሚል የለም። ተረቱ አልቋል።

እህቴ ከቁም ሣጥኑ ወጣች። ወደ እኔ እየመጣች አንድ ነገር ጠየቀችኝ። "እንዴት ነው?" ያለችኝ ይመስለኛል።

ማዳመጫውን ከጆሮዬ መነጨቅሁት።

ምንም።

አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የጎረቤት ልብስ ሲራገፍ ይሰማኛል። ማዕድ ቤት ውኃ ሲፈስ ይሰማኛል። የእሷ ድምፅ ግን አይሰማኝም።

እጇን ጉሮሮዋ ላይ አደረገች። ዓይኗ ፈጠጠ። ትጮህ ነበር፤ የአንገቷ ሥር ተገትሯል። ትንፋሽ እንኳ አልወጣም።

የማይኩን ሽቦ ነቀልኩ። መቅጃው ላይ ያለው የድምፅ መስመር መንቀሳቀሱን አላቆመም። "ተከተል" የሚለውን አጠፋሁ፤ ተመልሶ በራ። ከኮምፒውተሩ ነቀልኩት፣ ከግድግዳው ነቀልኩት። ሁሉም ጠፋ።

አረንጓዴው መብራት ግን አልጠፋም።

ማኑዋል ሮጦ መጥቶ እህቴን ደገፋት። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። በጥፊ ቢለኝ በወደድኩ።

"አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመንኩህ" አለኝ በሹክሹክታ። "አንድ ነገር።"

ሐሙስ ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ በመሣሪያ ጉሮሮዋን አየ። ደግሞ አየ። እባጩ የለም። ቀዶ ጥገና አያስፈልጋትም አለ። ጉሮሮዋ ጤነኛ ነው... ድምፅ የማይወጣበትን ምክንያት ግን አላውቀውም አለ።

ቅጂው ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ዘጠኝ ደቂቃ መሆን ነበረበት። አርባ አንድ ደቂቃ ነው። አንድም ጠቅ የለበትም። ከዘጠነኛው ደቂቃ በኋላ ያለውን አላዳመጥኩትም፣ ማንም ቢለምነኝ አላዳምጠውም።

ያን ሁሉ ሰው ስንቅ ኖሬ ዛሬ የምንቀው ራሴን ነው። ያ ክኒን ቆጣሪ ያልኩት ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሚስቱን ጠብቆ አቆይቷት ነበር። እኔ አዋቂው በሁለት ደቂቃ አስረከብኳት።

ትናንት ጠዋት ሄጄ ነበር። በሩን ማኑዋል ከፈተልኝ፤ ሰላም አላለኝም። ሳጥኖቹን ጥሏቸዋል። ጠረጴዛው ላይ ያለው አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው፣ ሽቦው ከምንም ሳይሰካ ተጠቅልሎ ከጎኑ ተቀምጧል።

ሚጢጢ ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጫማዋን አድርጋለች። ኮቷን ለብሳለች። ትንሿ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ናት።

"የት ልትሄጂ ነው የኔ እመቤት?" አልኳት።

ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ። ዓይኗን ከድምፅ ማጉያው ላይ አልነቀለችም።

"እሽ... እማዬ እያወራች ነው።"

ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። እንደተነገራት ሁሉ የቦርሳዋን ዚፕ ከፍታ፣ አይታ፣ መልሳ ዘጋችው።

"እሺ እማዬ" አለች። "ተዘጋጅቻለሁ።"

እህቴ ከወንበሩ ጀርባ ቆማ በሁለት እጇ የልጇን ትከሻ ጨምድዳ ይዛ ነበር... ከንፈሯ ግጥም ብሎ።